ካርታውን ያያችሁት የት ነው?

የቤት ጉዳይ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባንክ ቤት የመያዣ ንብረት ገማች ሆኜ ነው የሠራሁት። ቤት ለክቶ ዋጋ መስጠት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነበር። ከባዱ ሌላ ነው። ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው ይህን ቤት ማን ይገዛዋል? በስንት ጊዜ ይሸጣል? ወረቀቱስ ፍርድ ቤት ፊት ይቆማል? ልማዱ ዛሬም አለቀቀኝም። ቤት ሊያሳዩኝ ሲወስዱኝ ሌላው ሰው ሳሎኑን ያደንቃል፤ እኔ ሮቶው የት እንደተቀመጠና ጎረቤቱ በስንት እንደተከራየ እጠይቃለሁ።

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጀመሪያ ቤታቸውን ለማከራየት መግዛት ካሰቡ ሰዎች የመጡ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። አንዳንዱን በሰፊው፣ አንዳንዱን ባጭሩ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ባለቤቴ ነርስ ናት። የምንኖረው ከእናቴ ጋር ስለሆነ ኪራይ የለብንም። በቁጠባና በዕቁብ 2.2 ሚሊዮን ብር አጠራቅመናል። አንድ ሪል ስቴት መሠረቱ ገና እየተቆፈረ ባለ ሕንፃ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በ9.5 ሚሊዮን ብር ውሰዱ ብሎናል። 20 በመቶ ከፍለን እንዋዋላለን፣ የቀረውን በሦስት ዓመት እንጨርሳለን። የሽያጭ ሠራተኛዋ «ቤቱ ሳያልቅ ዋጋው እጥፍ ይሆናል፣ ካልቻላችሁ አትርፋችሁ ትሸጡታላችሁ» ትላለች። ሌላው ምርጫ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ያለ ስቱዲዮ ነው። 2.6 ሚሊዮን ይሉታል፤ በወር 11 ሺህ ብር ይከራያል። የቱ ይሻለናል? (ም. እና ሰ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስልካችሁን አውጡና አብረን እናስላ። 20 በመቶው 1.9 ሚሊዮን ነው። 7.6 ሚሊዮን ይቀራል። ለ36 ወር ሲካፈል በወር 211 ሺህ ብር ገደማ ይመጣል። የአስተማሪና የነርስ ደመወዝ ተደምሮ የት እንደሚደርስ ለእናንተ አልነግራችሁም። ስለዚህ ነገሩ የቆመው በአንድ ተስፋ ላይ ብቻ ነው፦ ክፍያው ሳያንቃችሁ ሌላ ገዢ መጥቶ ውሉን በትርፍ እንዲረከባችሁ።

ያ ገዢ ሊመጣ ይችላል። በዚህ መንገድ ያተረፈ ሰው አለ፣ አልዋሽም። ችግሩ ገዢው የሚመጣው በራሱ ጊዜ ነው፤ የክፍያው ቀን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ውሉን ቤታችሁ ወስዳችሁ አንብቡ። «እዚሁ ፈርሙ፣ ቅናሹ ዛሬ ያበቃል» ካሏችሁ ቅናሹ ይቅርባችሁ። ስታነቡ ሦስት ቦታ ላይ ቆም በሉ። ክፍያ ሲዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው? ውሉ ቢፈርስ ከከፈላችሁት ላይ ምን ያህል ይቆረጣል? ዋጋው በግንባታ ዕቃ መወደድ ወይም በምንዛሪ ለውጥ ይስተካከላል ይላል ወይስ አይልም?

ሦስተኛው ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሊፍቱ፣ ጄኔሬተሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ልዩነቱን አንድ ሰው ይከፍለዋል። ገንቢው ወይስ እናንተ? መልሱ ያለው ውሉ ውስጥ ነው።

በ2017 የሪል ስቴት ልማትና ግብይትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1357 ወጥቷል። ጥሩ ነው፤ ይህ ዘርፍ ለብዙ ዓመት ራሱን የቻለ ሕግ አልነበረውም። ቢሆንም የመሬቱን ካርታና የግንባታ ፈቃዱን ዋናውን ሳታዩ አትፈርሙ። ካርታው በማን ስም ነው? መሬቱ ባንክ ዘንድ በመያዣ ተይዟል? ይህን ስትጠይቁ የሚቆጣችሁ ሻጭ ካለ አመስግናችሁት ውጡ።

«ታዲያ ከባንክ ብንበደርስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገድቦ ነበር። ገደቡ በኋላ ላላ ቢልም ለቤት ብድር የሚሰለፈው ሰው ብዙ ነው። ብድሩ ተገኘ እንበል። ወለዱን ለምሳሌ 18 በመቶ ብናደርገው በ1 ሚሊዮን ብር ላይ በዓመት 180 ሺህ ብር ወለድ ብቻ ትከፍላላችሁ። አሁን የስቱዲዮውን ኪራይ እዩት። 11 ሺህ በ12 ሲባዛ 132 ሺህ። በ2.6 ሚሊዮን ላይ 5 በመቶ ነው። 5 የሚያስገባ ቤት 18 የሚያስወጣ ብድር አይሸከምም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ኪራዩ ራሱ ብድሩን ይከፍላል» ቢላችሁ ስላለበት አገር እየነገራችሁ ነው። እዚህ ለጀማሪ የሚያዋጣው በራሱ ገንዘብ መግዛት ነው፤ ካስፈለገም ከደመወዙ ሊከፍለው የሚችል ትንሽ ብድር ብቻ ይጨምርበት።

ስለዚህ እኔ ስቱዲዮውን እመርጣለሁ። ግን በ2.6 ሚሊዮን አይደለም።

132 ሺህ ብሩ ሁሉም ኪስ አይገባም። የኪራይ ገቢ ግብር አለ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር አለ፤ አዲስ አበባ በ2015 ከፍ እንዳደረገችው ታስታውሳላችሁ። የሕንፃው ኮሚቴ ለጥበቃና ለጽዳት የሚሰበስበው መዋጮ አለ። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ባዶ የሚቀር ወር ይኖራል። ይህ ሁሉ ሲቀነስ 100 ሺህ ብር ቢተርፋችሁ ደስ ይበላችሁ። ያንኑ ገንዘብ ባንክ በጊዜ ገደብ ብታስቀምጡት ከዚህ የበለጠ ወለድ ሊሰጣችሁ ይችላል። ቤት የሚገዛው የብሩ ዋጋ ሲወርድ ቤቱ አብሮ ስለማይወርድ ነው። ይህን አውቃችሁ ግቡ። በሁለት ዓመት እጥፍ ይሆናል ብላችሁ ከሆነ ይቅር።

ለመግዣም ወጪ አለ። የቴምብር ቀረጥ ከዋጋው 2 በመቶ ነው። አሹራ የምንለው የስም ማዛወሪያ ከዚያ በላይ ተጨምሮ ይከፈላል። ደላላውም እጁን ይዘረጋል፤ 2 በመቶ የተለመደ ነው፣ ግን ይደራደራል። የሻጩን ግብር ገዢ ይክፈል የሚል ስምምነትም በገበያው ውስጥ ሞልቷል። ዋጋ ስትነጋገሩ «ግብሩን ማን ይከፍላል?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጨርሱ። እንግዲህ 2.6 ሚሊዮን የተባለው ቤት ቁልፉን እስክትይዙ 2.8 ሊደርስ ነው። ያላችሁ 2.2 ነው። 600 ሺህ ከዘመድ ተበድሮ ስቱዲዮ መግዛት ዘመድንም ስቱዲዮንም ያስጠላል። ወይ አንድ ዙር ዕቁብ ጠብቁ፣ ወይ ራቅ ያለ ሳይት ላይ ከ2 ሚሊዮን በታች ፈልጉ። ከመቶ ሺህ ብር ያላነሰ ለእድሳት አስቀምጡ። ኮንዶሚኒየም ብዙ ጊዜ ሳይጠናቀቅ ነው የሚተላለፈው፤ ወለሉን፣ ቀለሙን፣ የወጥ ቤቱን ካቢኔት የሚሠራው ገዢው ነው።

ቤቱን በሥራ ቀን ማታም ሂዱና እዩት። ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ይወጣል ወይ? ጎረቤት አንኳኩታችሁ ጠይቁ፤ ሻጭ «ውሃ ችግር የለም» ከማለት ሌላ ምንም አይልም። ታክሲ ተራው ስንት ደቂቃ ይርቃል? ስቱዲዮ የሚከራየው ወጣት ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ የሚያገኝበትን ቤት ነው የሚፈልገው። ሻጩ ከንግድ ባንክ የነበረበትን የቤት ዕዳ መጨረሱን የሚያሳይ ደብዳቤም ጠይቁ። ያላለቀ ዕዳ ካለ ቤቱ በባንኩ መያዣ ሥር ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ሰላም ነሽ? ባለ አንድ መኝታ የ20/80 ኮንዶሚኒየም አግኝቻለሁ። ዕጣው ከወጣለት ሦስት ዓመት ነው፤ አምስት ዓመት ስላልሞላው በስም አይዛወርም። ባለቤቱ ሙሉ ውክልና ሊሰጠኝና የብድር ውል ሊፈርምልኝ ተስማምቷል። ዋጋው ከሌላው በ700 ሺህ ብር ይረክሳል። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚገዛው ይላሉ። ምን ትመክሪኛለሽ? (ከጀሞ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ 700 ሺህ ብሩ ቅናሽ መስሎህ ነው። ሻጩ አደጋውን ላንተ አስተላልፎ የከፈለህ ዋጋ ነው።

ውክልና ባለቤት አያደርግህም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር እንደሚችል ይላል። ወካዩ ሲሞት ደግሞ ውክልናው አብሮ ይቀራል። ሰውየው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ልጆቹን ግን ታውቃቸዋለህ? ሚስቱስ ፈርማለች? በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ቤት ያለ ሁለቱም ፈቃድ አይሸጥም። እሷ ነገ «አልፈቀድኩም» ብትል በየትኛው ወረቀት ትከራከራለህ?

የብድር ውል የምትሉት ነገር ደግሞ ለከፈልከው ገንዘብ መተማመኛ ይሁን ተብሎ ያልተበደረ ሰው ተበደርኩ ብሎ የሚፈርመው ወረቀት ነው። ሁለታችሁም ዳኛ ፊት ቆማችሁ ውሸት እንደነበር ልትናገሩ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ያዛል። አንተ የምትይዘው ይህን የሚያሟላ የሽያጭ ውል አይደለም።

«ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚገዛው» እውነት ነው። ብዙ ሰው ምንም አልሆነም። እኔ ግን በግምት ሥራ ላይ ሳለሁ በውክልና የተያዘ ቤት ይዞ ብድር ሊጠይቅ የመጣን ሰው ስንመልሰው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ቤቱ አለ፣ ይኖርበታል፣ ኪራይ ይሰበስብበታል፤ ባንክ ዘንድ ግን ምንም የለውም። አምስት ዓመቱ ያለፈውን ፈልግ።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ? ሪያድ የሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ወደ ዘጠኝ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ወንድሜ ኮምቦልቻ 200 ካሬ ላይ ያረፈ፣ የሊዝ ካርታ ያለው ቤት አገኘሁልሽ አለኝ። ለፋብሪካ ሠራተኞች ክፍል በክፍል ይከራያል። «ዛሬ ነገ ሳይባል 300 ሺህ ቀብድ ላኪ፤ አንቺ እዚህ ስለሌለሽ ለጊዜው በእኔ ስም ይሁን» ይላል። ወንድሜን አምነዋለሁ። ካርታውን ፎቶ አንስቶ በኢሞ ልኮልኛል። ገንዘቡ የላቤ ስለሆነ ፈራሁ። (ዘ.)

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ወንድምሽን ጠረጠርሽ ማለት ግን አይደለም።

ወንድምሽ መልአክ ይሁን። ባለትዳር ነው? ከሆነ በትዳር ላይ ሳለ በስሙ የተገዛ ቤት የባልና ሚስት የጋራ ሀብት እንደሆነ ሕጉ ግምት ይወስዳል። የግሉ መሆኑን ማስረዳት ያለበት የግሌ ነው የሚለው ወገን ነው። እሱና ሚስቱ ቢጣሉ ያንቺ የሪያድ ላብ ለሁለት ሊካፈል ፍርድ ቤት ይቀርባል። እሱ ቢሞት ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው። ማንም ክፉ ሳይሆን ቤትሽ ከእጅሽ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «በእኔ ስም ይሁን» ሲልሽ «አንተን አምናለሁ፣ ሞትን አላምንም» በይው። ይገባዋል።

አገር ቤት አለመኖርሽ በስምሽ ከመግዛት አይከለክልሽም። ኢትዮጵያዊት ነሽ። ሪያድ ባለው ኤምባሲያችን ቀርበሽ ለወንድምሽ ውክልና ስጪው። ወረቀቱ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ለሥራ ይቀርባል። ውክልናው ላይ የሚጻፈውን በጣም ተጠንቀቂ። «በስሜ ቤት እንዲገዛ፣ የሽያጭ ውል እንዲፈርም፣ ካርታው በስሜ እንዲዛወር እንዲያደርግ» ብቻ ይበል። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያሲዝ» የሚለው አይግባ። ሕጉ ቤት ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ስለሚጠይቅ፣ ካልጻፍሽለት ሊሸጠው አይችልም። አስጽፉልኝ ብለሽ የሄድሽበት ሰው የተዘጋጀ ረጅም ቅጽ ቢያወጣልሽ፣ መስመር በመስመር አንብቢው። ማንበብ የማትወጂ ከሆነ የምታምኛት ጓደኛሽ ታንብብልሽ።

ካርታውን በተመለከተ፣ በኢሞ ያየሽው ካርታ አልታየም ማለት ነው። እኔ ሁሌ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ካርታውን ያያችሁት የት ነው? ደላላ ስልክ ላይ፣ ሻጭ ሳሎን ውስጥ፣ በላሚኔት ተሸፍኖ? ካርታ የሚታየው በማኅደሩ ነው። ሻጩ ራሱ ኮምቦልቻ ከተማ መሬት አስተዳደር ይሂድ፣ ወንድምሽ አብሮት ይሂድ። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ስም፣ የካሬው ስፋትና የቦታው ቁጥር ከተሰጣችሁ ወረቀት ጋር ይገጥማል ወይ? ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍ። ለሁለት ቀን ሥራ ጠበቃ መክፈል ብትችዪ፣ ከቀብዱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ገንዘብ ነው። ሥራው ወንድምሽ ላይ ብቻ አይውደቅ።

የሊዝ ካርታ ነው ብለሻል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አንቺ የምትገዢው ቤቱንና መሬቱን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ነው። ለመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ይሰጣል። ከዚህ ላይ ስንት አለፈ? ሻጩ የሊዝ ክፍያውን ጨርሷል ወይስ በየዓመቱ የሚከፍለው ቀሪ አለ? ቀሪው ወዳንቺ ይተላለፋል። ዋጋውን የምትነጋገሪው ይህን ካወቅሽ በኋላ ነው።

ቀብዱን አትቸኩዪበት። ቀብድ የከፈለ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሕጉ እንዲህ ነው። ስለዚህ ቀብድ ማኅደሩ ከታየ በኋላ፣ በጽሑፍ፣ በባንክ በኩል ይከፈል፤ መጠኑም ይነስ። 300 ሺህ ለቀብድ ብዙ ነው። «ሌላ ገዢ መጥቷል» የሚለው ወሬ በየቤቱ ሽያጭ ላይ አለ። ቢሄድም ይሂድ፤ ኮምቦልቻ ያለው ቤት ያ ብቻ አይደለም።

ገንዘቡን በራስሽ ስም አገር ቤት በከፈትሽው ሂሳብ አስገቢ። ዋናው ክፍያ በሻጩ ስም በተሠራ ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ይከፈል፤ ውሉ በተፈረመበት ቀን፣ በተፈረመበት ቦታ። ዓመታት ካለፉ በኋላ «ማን ከፈለ?» ቢባል የባንኩ ወረቀት ይናገርልሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍል በክፍል ለፋብሪካ ሠራተኛ የሚከራይ ቤት ገቢው ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ከሚከፍለው ይበልጣል። ግን ሰብሳቢ ይፈልጋል። በየወሩ ስምንት ሰው ዘንድ የሚሄድ፣ መጸዳጃ ቤቱን የሚያሠራ ሰው ማን ነው? ወንድምሽ ከሆነ፣ ለልፋቱ በወር ቁርጥ ያለ ክፍያ ስጪው። በነጻ የሚሠራ ዘመድ ውሎ አድሮ ራሱ ለራሱ መክፈል ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ሻጩ በውሉ ላይ ዋጋውን ግማሽ አድርገን እንጻፍ ይላል። ግብር ለመቀነስ ሁሉም የሚያደርገው ነው ብሎኛል። እኔም ከቴምብሩ እተርፋለሁ። ጉዳት አለው? (ከሰሚት)

መልስ፦ አለው። መጀመሪያ ነገር፣ ግብር ማጭበርበር ነው። ይህን ያውቃሉ፣ አልሰብክም። ሁለተኛ፣ ሽያጩ በሆነ ምክንያት ቢፈርስና ገንዘብዎ ይመለስ ቢባል፣ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። 5 ሚሊዮን ከፍለው 2.5 ተብሎ ከተጻፈ ቀሪውን 2.5 በምን ያስረዳሉ? በደላላው ምስክርነት? ሦስተኛ፣ እርስዎ በተራዎ ሲሸጡ የገዙበት ዋጋ 2.5 ነው ይባላል። ዛሬ ሻጩ ያልከፈለውን የትርፍ ግብር ነገ እርስዎ ይከፍሉታል። በዚያ ላይ ግብር የሚሰበስበው ቢሮ የራሱ ግምት አለው፤ ያነሰ ዋጋ ቢጻፍም በራሱ ግምት ሊያስከፍል ይችላል። ሻጩ ከሁሉም ይድናል፣ እርስዎ በሁሉም ይያዛሉ። እውነተኛውን ዋጋ ያስጽፉ።

ጥያቄ፦ ኮልፌ ነው የምኖረው። ከአባቴ የወረስኩት፣ በስሜ የዞረ ካርታ ያለው 160 ካሬ ግቢ አለኝ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። 900 ሺህ ብር አለኝ። ጓደኞቼ ከከተማ ወጣ ብሎ ከገበሬ ላይ ቦታ እንግዛ፣ ነገ ካርታ ይሠራለታል ይሉኛል። ወይስ ምን ላድርግበት? (አቶ ከ.)

መልስ፦ አቶ ከ.፣ እርስዎ ቤት መግዛት ምን ያደርግልዎታል? ግቢ አለዎት!

የገበሬው ቦታ ጉዳይ ባጭሩ ይለቅ። ገበሬ የእርሻ መሬቱን ይጠቀምበታል እንጂ መሸጥ አይችልም። መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ያለ ነው። «ነገ ካርታ ይሠራለታል» የሚሉት የጨረቃ ቤት ሠርተው የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ካርታ አግኝቷል፣ ብዙው ፈርሶበታል። ሲፈርስ ደግሞ ካሳ የሚባል ነገር የለም። በጡረታ ዋዜማ እንዲህ ያለ ቁማር አይጫወቱ።

በግቢዎ ውስጥ ሰርቪስ ክፍሎች ይሥሩ። የመሬት ዋጋ አይከፍሉም፣ ደላላ የለም፣ አሹራ የለም። ብሩ ሁሉ የሚያርፈው ኪራይ በሚያመጣው ግድግዳ ላይ ነው። በዚህ አምድ ከመለስኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ የእርስዎን ያህል ጥሩ መነሻ ያለው የለም።

ብሎኬት ከማዘዝዎ በፊት ግን ክፍለ ከተማ ሄደው የፕላን ስምምነትዎን፣ ማለትም በቦታዎ ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ የሚገልጸውን ወረቀት ይጠይቁ። በግቢዎ ላይ ወይም በአጠገቡ መንገድ ይሰፋል? ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ ካዛንቺስን፣ ሌላውንም ሰፈር እንዴት እንደቀየረው አይተዋል። ዋናው መንገድ ዳር ያለ ግቢ ላይ ዛሬ ክፍል መሥራት ነገ ለማፍረስ ሊሆን ይችላል። ካርታ ያለው ሰው ሲነሳ ካሳ ይሰላለታል፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ግን እዚያ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ ያውጡ። ጊዜ ይፈጃል፣ ያናድዳል፣ ግን ያውጡት።

በ900 ሺህ አምስት ክፍል ልሥራ አይበሉ። ሦስት ክፍል በደንብ ይሥሩ። ብዙ ሰው ጠባብ ክፍል አብዝቶ አንድ መጸዳጃ ያጋራቸዋል። ኪራዩ ይረክሳል፣ ጠቡ ይበዛል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መታጠቢያና መጸዳጃ ቢኖረው የተሻለ ተከራይ ያገኛሉ፤ ያ ተከራይ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። መብራቱን ቢያንስ በየክፍሉ ለየብቻ የሚቆጥር ቆጣሪ ያስገቡለት። በተከራዮች መካከል የሚነሳው ክርክር ሁሉ ከመብራት ሂሳብ ነው የሚጀምረው፤ እንጀራ የሚጋግርና የማይጋግር እኩል አይክፈል። ሮቶው ለእርስዎም ለእነሱም የሚበቃ ይሁን።

ከዚያ ኪራዩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ በኋላ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይቻልም። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ዓይነት መንገድ ነው። ጭማሪም በፈለጉበት ወር አይደረግም፤ የሚመለከተው አካል በዓመት አንዴ ባስታወቀው መጠን ነው። ብዙ አከራይ ይህን ሰምቶ ደንግጧል። እኔ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲቆርጡ ይጠንቀቁ፤ ለዘመድ ብለው በግማሽ ካስገቡ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ሰፈር ውስጥ ተመሳሳይ ክፍል በስንት እንደወጣ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ተከራይ ሲመርጡ ጊዜ ይውሰዱ። ሁለት ዓመት አብረውት የሚኖሩት ሰው ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ። የት እንደሚሠራ ይጠይቁ፣ የነበረበትን ቤት አከራይ ስልክ ይቀበሉና ይደውሉለት።

ውሉ ላይ ቁልፍ ሲያስረክቡ ያለውን ሁሉ ያስጽፉ። ስንት አምፖል፣ ስንት ቧንቧ፣ የበሩ መስታወት ሙሉ መሆኑ፣ የቆጣሪው ንባብ። ፎቶ ያንሱ። ውሉን ወረዳ ወስደው ሲያስመዘግቡ አንድ ኮፒ ለተከራዩ፣ አንድ ለእርስዎ ይሁን፤ ለኪራይ ገቢ ግብርም ያንኑ ውል ነው የሚያቀርቡት። ግንባታው ላይ የከፈሉባቸውን ደረሰኞች ሁሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጡ። አንድ ቀን ቤቱን ቢያስገምቱ ወይም ካሳ ቢሰላ ያ ፋይል ይፈለጋል።